የቤት ውስጥ የተግባር ተኩስ ውድድር ንድፍ ከጥይት ማቆሚያው ይጀምራል

የተግባር ተኩስ ውድድርን በቤት ውስጥ ለማካሄድ የሚያስብ አዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቦታው ጥበት ነው። ከቤት ውጭ ባለ የተኩስ ሜዳ በሦስት ወገን የአፈር ክምር ስለሚኖር ተወዳዳሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሮ መተኮስ ይችላል፤ ጣሪያ ሥር ግን አረር እንዲያርፍበት ተብሎ የተሠራው ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም በክፍሉ ጫፍ ያለው የጥይት ማቆሚያ ነው። እንዲህ ያሉ ውድድሮችን ሳዘጋጅ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ጥበቱን ያን ያህል አልፈራውም። የምፈራው ንድፉን ከተወዳዳሪው የሚጀምር አዘጋጅን ነው፤ ተወዳዳሪው የት ይቆማል፣ ወዴት ይሮጣል፣ ምን ያስደስተዋል ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ አረሩ የት እንደሚያርፍ ያስባል። በቤት ውስጥ ቅደም ተከተሉ የግድ መገልበጥ አለበት፦ በመጀመሪያ እያንዳንዱ አረር የሚያርፍበት ቦታ ይወሰናል፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ ዒላማው፣ መከለያውና በመጨረሻም የተወዳዳሪው መቆሚያ ይቀመጣሉ።

ለስፖርቱ አዲስ የሆነ አንባቢ እንዲከተለኝ ያህል፣ የተግባር ተኩስ ተወዳዳሪው ሽጉጡን ከወገቡ ማኅደር አውጥቶ፣ እየተንቀሳቀሰና ካዝና እየቀየረ፣ በተለያየ ርቀት የቆሙ ዒላማዎችን በመረጠው ቅደም ተከተል የሚመታበት ውድድር ነው። ዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄፍ ኩፐር ነበሩ፤ ያኔ የተመረጡት ሦስት መለኪያዎች፣ ማለትም ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት፣ ዛሬም የነጥብ አሰጣጡ መሠረት ናቸው። እያንዳንዱ የተኩስ ፈተና ስቴጅ ይባላል፤ ተወዳዳሪው በስቴጁ ያገኘው ነጥብ ለወሰደበት ሰከንድ ተካፍሎ ሂት ፋክተር የሚባለውን ውጤት ይሰጣል። 12 ጥይት በሚጠይቅ ስቴጅ ላይ አንዱ ሁሉንም በመካከለኛው የኤ ክልል አሳርፎ 60 ነጥብ በ8 ሰከንድ ቢያገኝ ውጤቱ 7.5 ይሆናል። ሌላው በዝቅተኛው የኃይል ደረጃ፣ ማለትም ደከም ባለ ጥይት ተኩሶ 8ቱን በኤ፣ 4ቱን ከኤ ዙሪያ ባለው የሲ ክልል ቢያሳርፍና 52 ነጥብ በ6.5 ሰከንድ ቢያገኝ 8 ያስመዘግብና ይበልጠዋል። ይኸው ፈጣን ተኳሽ በኤ ካሳረፋቸው ጥይቶች አንዷን ብቻ ቢስት ግን 5 ነጥብ ከማጣቱ ሌላ 10 ነጥብ ስለሚቀነስበት ውጤቱ ወደ 5.7 ያሽቆለቁላል። ስሌቱን የዘረዘርኩት ውድድሩን ውድድር የሚያሰኘው ይህ በፍጥነትና በትክክለኛነት መካከል ያለው ግብግብ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ለዚህ ግብግብ ደግሞ ሰፊ ሜዳ የግድ አያስፈልግም።

ወደ ንድፉ ስንገባ፣ የጥይት ማቆሚያው ከተኩስ መስመሩ 20 ሜትር ይርቃል እንበል። ቆሞ የሚተኩስ ሰው አፈሙዝ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ5 ሜትር ርቀት ላይ፣ መካከሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ዒላማ ብናቆም፣ አረሩ በየሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ይሄዳልና ካርቶኑን በስቶ ካለፈ በኋላ 15ኛው ሜትር ላይ ወለሉን ይመታል፤ ማቆሚያው ዘንድ ጨርሶ አይደርስም። ኮንክሪትን በእንዲህ ያለ ጠባብ ማዕዘን የመታ አረር ወለሉን ፈንቅሎ ይነጥራል፤ ከነጠረ በኋላ የሚሄድበትን አቅጣጫ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ያንኑ ዒላማ ወደ 1.3 ሜትር ከፍ ብናደርገው ግን በየሜትሩ የሚወርደው 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ማቆሚያው ላይ የሚያርፈው ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። በ30 ሳንቲ ሜትር እንጨት ብቻ የማይፈቀደው ስቴጅ የሚፈቀድ ሆነ ማለት ነው።

ተንበርክኮ የሚተኩስ ሰው ሲታሰብ ነገሩ ይገለበጣል። አፈሙዙ 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ በ5 ሜትር ርቀት ያለውን፣ 1.4 ሜትር ከፍታ ያለውን ዒላማ ቢመታ፣ አረሩ በየሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እየወጣ ሄዶ በ20ኛው ሜትር 2.9 ሜትር ላይ ይደርሳል። ይህ ከፍታ በብዙ ክፍሎች ከማቆሚያው በላይ ያለው ጣሪያ፣ ወይም መብራቱን ለመከለል የተሰቀለው የብረት ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የሚተኮስበት ቀዳዳ ያለው መከለያ ሲታቀድ ከዚያ ቀዳዳ የሚታዩት ዒላማዎች ወደ ማቆሚያው የተጠጉ መሆን አለባቸው። በጥቅሉ ዒላማ ወደ ማቆሚያው በተጠጋ ቁጥር የማዕዘኑ ስሕተት የሚያድግበት ርቀት ያጥራል። ብዙ አዘጋጆች የቅርብ ዒላማ ቀላልና አስተማማኝ ይመስላቸዋል፤ ቀላልነቱ ለተኳሹ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ለክፍሉ ግን ከሁሉ የከፋው የቅርብ ዒላማ ነው።

ወደ ጎን ያለው ስሌት ደግሞ ከዚህም የባሰ ያታልላል። ስፋቱ 8 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ተወዳዳሪው ከግራው ግድግዳ 1 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ከፊቱ በ5 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከራሱ 2 ሜትር ወደ ቀኝ የቆመ ዒላማ አለው። በዓይን ሲታይ ዒላማው ክፍሉ መካከል አካባቢ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። አረሩ ግን በየሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይሸሻልና 17.5 ሜትር ላይ የቀኙን ግድግዳ ይመታል። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን ግምት ማለፍ ክልክል ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ። እኔ የምጠቀመው ሲባጎ ነው፦ አንድ ሰው የሲባጎውን ጫፍ ተወዳዳሪው ሊደርስበት በሚችለው የመጨረሻ ጥግ፣ በአፈሙዝ ከፍታ ይይዛል፤ ሌላው ሲባጎውን በዒላማው ጠርዝ በኩል አሳልፎ እስከ ማቆሚያው ይወጥረዋል። ይህ ለአራቱም የዒላማው ጠርዞችና ለእያንዳንዱ የመቆሚያው ጥግ ይደገማል፤ ምክንያቱም ስቴጁን የሚተኩሱት ሰዎች ሁሉ መሐል ላይ አይቆሙም፣ ሁሉም መሐሉን አይመቱም፣ ቁመታቸውም አንድ አይደለም። የጨረር መለኪያ ያለው ሰው ሥራው ይፈጥንለታል፤ ሲባጎው ግን አንድ ብልጫ አለው፤ ከዒላማው ወዲህ ያለ በርሜል ወይም መከለያ መንገዱን ቢነካው ወዲያው ይታጠፍና ይናገራል።

ከዚህ ጋር የአፈሙዝ ማዕዘን ጉዳይ አለ። በመደበኛው ደንብ አፈሙዝ ከፊት ለፊቱ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን እስኪደርስ ይፈቀዳል፤ ያን አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ ተወዳዳሪው ከውድድሩ ይሰናበታል። የጎን ግድግዳው አረር ለማቆም ባልተሠራበት ክፍል ይህ ልክ በጣም ሰፊ ነው፤ ደንቡም ለቦታው የሚስማማ ጠበብ ያለ የተኩስ ማዕዘን እንዲወሰን ይፈቅዳል። ጠበብ ያለው ልክ በቃል ብቻ መነገር የለበትም፤ በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ ደማቅ ቀይ ምልክት ተለጥፎ ተወዳዳሪው ከሩጫው ሳይቆም ሊያየው ይገባል። ካዝና ሲቀይሩ አፈሙዝን ወደ ላይ የማንሣት ልማድ ያላቸው ተኳሾች ብዙ ናቸው፤ ጣሪያ ሥር ይህ ልማድ አይፈቀድምና ከውድድሩ በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

እንዲህ ሁሉ ነገር ሲከለከል ምን ይቀራል ለሚል ጠያቂ፣ ብዙ ነገር ይቀራል ብዬ እመልሳለሁ። የስፖርቱ ደንብ አንድ ተወዳዳሪ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ እይታ ነጥብ የሚሰጡ ከ9 በላይ ምቶችን እንዲመታ መገደድ እንደሌለበት ይደነግጋል። 12 ጥይት የሚጠይቀው አጭር ስቴጅ እንኳ ቢያንስ ሁለት እይታዎችን ይፈልጋል ማለት ነው። በጠባብ ክፍል ሁለተኛውን እይታ የሚፈጥረው መከለያ ነው። ከእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ጥቁር የፕላስቲክ መረብ ወይም ሸራ፣ ሁለት ባዶ የፕላስቲክ በርሜሎችና አንድ ጠረጴዛ ካሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲኬድ የሚገለጥና የሚሰወር ዒላማ መሥራት ይቻላል። ተወዳዳሪው ሦስት እርምጃ ብቻ ተራምዶ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች እንዲወስን ከተገደደ፣ ከሰፊ ሜዳ ሩጫ የሚያንስ ነገር አልቀረበለትም። እንዲያውም ሜዳ ላይ ፈጣን እግር የሚሸፍነው የተኩስ ጉድለት እዚህ የሚደበቅበት የለውም።

ከርቀት ይልቅ የዒላማውን የሚታይ ክፍል ማጥበብ የቤት ውስጥ አዘጋጅ ዋና መሣሪያ ነው። ግማሹ ጥቁር የተቀባ ካርቶን፣ የተቀባው ክፍል አረር የማያልፈው መከለያ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ በ7 ሜትር ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ በ15 ሜትር እንደቆመ ሙሉ ዒላማ ተኳሹን ቀስ ያሰኘዋል። በጎኑ ነጭ የማይመታ ዒላማ ሲደረብበት ደግሞ ጉዳዩ የድፍረት ይሆናል፤ እርሱን የነካች ጥይት 10 ነጥብ ታስቀንሳለች። አንዱን ዒላማ ክፍት፣ አንዱን የተሸፈነ፣ አንዱን ዘንበል ያለ አድርጎ መደባለቅ ተኳሹ አንድ ዓይነት የፍጥነት ምት ይዞ እንዳይጨርስ ያደርገዋል። በአንድ ነገር ላይ ግን ከብዙ አዘጋጅ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም፦ ጥበቱን ለማካካስ ሲባል ተወዳዳሪውን ባልዲ ማስያዝ፣ ወንበር ላይ ማሽከርከር፣ ዒላማዎቹን የግድ በቁጥር ቅደም ተከተል ማስመታት አልወድም። የዚህ ስፖርት ለዛ ተወዳዳሪው ችግሩን በራሱ መንገድ እንዲፈታ መተዉ ላይ ነው። መንገዱን አዘጋጁ ከደነገገለት የሚቀረው ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ድንጋጌ የሥርዓት ቅጣትና ክርክር ይዞ ይመጣል።

ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መተኮስንም በጠባብ ክፍል አላስገባም። ዳኛው ከተወዳዳሪው ጥቂት ወደ ኋላ፣ መሣሪያውን በያዘበት እጅ በኩል ነው የሚቆመው፤ ተወዳዳሪው ወደ ኋላ ሲመጣ ዳኛው የሚሸሽበት ስፍራ ከሌለው ሁለቱ ይጋጫሉ። የብረት ዒላማንም በተመለከተ ደንቡ ተኳሹ ከ7 ሜትር በታች ሊቀርበው እንደማይገባ ይናገራል፤ መቅረቢያውን የሚወስነው መሬት ላይ የተሠመረ መስመር ከሆነ ደግሞ፣ ሳያስበው ቢረግጠው እንኳ ከ7 ሜትር እንዳያልፍ መስመሩ በ8 ሜትር ላይ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ልክ የወጣው ለዝቅተኛው ደኅንነት ነው። ሜዳ ላይ ፍንጣሪው ወደ አፈር ክምር ይበተናል፤ በክፍል ውስጥ ግን ከጎን ግድግዳና ከጣሪያ ጋር እየተላጋ ሊመለስ ይችላል። እኔ በቤት ውስጥ ውድድር ብረት አላቆምም፤ በምትኩ ከኤ ክልል በቀር ሁሉም ጥቁር የተቀባ ካርቶን አቆማለሁ።

ንድፉ ካለቀ በኋላ ውድድሩን የሚያሳካው ወይም የሚያበላሸው ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ አምስት ስቴጅ በአምስት የተለያየ ስፍራ ይተከልና አምስት ምድቦች በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። አንድ ክፍል ባለበት ግን የሚተኩሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። የአንድ ተወዳዳሪ ተራ፣ ከትእዛዝ እስከ ዒላማ መለጠፍ፣ በአማካይ 3 ደቂቃ ይወስዳል ብለን ብናሰላ፣ 40 ተወዳዳሪዎች በ5 ስቴጅ 600 ደቂቃ፣ ማለትም 10 ሙሉ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ በዚህ ውስጥ ስቴጅ የሚቀየርበት ጊዜ አልተካተተም። 24 ተወዳዳሪዎች በ4 ስቴጅ ግን 288 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ይህም ከ5 ሰዓት ትንሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ምዝገባው በዚህ ስሌት መገደብ አለበት። ሰው ከመለስን ይቀየመናል ብለው ሁሉንም የሚቀበሉ አዘጋጆች ማምሻው ላይ የደከመ ዳኛና የተሰላቸ ተወዳዳሪ ይተርፋቸዋል፤ የደከመ ዳኛ ደግሞ የአፈሙዝን አቅጣጫ ዘግይቶ የሚያይ ዳኛ ነው።

ከ3ቱ ደቂቃ ውስጥ ተኩሱ የሚወስደው 10 ሰከንድ ያህል መሆኑን ማስተዋል ይጠቅማል። የቀረውን የሚበላው መጠራራት፣ መራመድ፣ ነጥብ መቁጠርና የጥይት ቀዳዳ መለጠፍ ነው። በዚህ ምክንያት የሚቀጥለው ተወዳዳሪ ማን እንደሆነ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ማን እንደሚዘጋጅ ሁልጊዜ ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ የተኮሰው ሰው ከዳኛው ጋር ነጥቡን እያየ ሳለ ሌሎቹ ከኋላ እየተከተሉ ይለጥፋሉ። ነጥቡ ከመነገሩ በፊት አንዲት ቀዳዳ እንኳ መለጠፍ የለባትም፤ የተለጠፈ ዒላማ ላይ የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ ስቴጁን በድጋሚ በማስተኮስ ነው የሚቋጨው። ሌላው ሰዓት ቆጣቢ ዘዴ አንዱን ተከላ ለሁለት ስቴጅ መጠቀም ነው። ዒላማዎቹና መከለያዎቹ ባሉበት ሆነው፣ ሁለት ካርቶኖችን በማይመቱ ነጭ ዒላማዎች በመተካትና መነሻውን ከግራ ወደ ቀኝ በማዞር ብቻ ፈጽሞ የተለየ ጥያቄ ይወጣል። ይህ እንዲሆን ግን የሲባጎው ፍተሻ ገና ከጅምሩ ለሁለቱም ስቴጆች መደረግ አለበት።

በክፍል ውስጥ የዳኛው ሥራ ከሜዳው ይከብዳል፤ ዋናው ምክንያት ድምፅ ነው። የሽጉጥ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ የሚወጣ ድምፅ ሲሆን፣ በግድግዳዎች መካከል ሲያስተጋባ ደግሞ በአፈሙዝ ላይ የጋዝ ማስወጫ የተገጠመላቸው መሣሪያዎች ደረት ድረስ ይሰማሉ። የጆሮ መሰኪያና ከላዩ የጆሮ መሸፈኛ በአንድነት ማድረግ ለሁሉም ግዴታ ሊሆን ይገባል። ይህ ሲሆን ግን ትእዛዝ አይሰማም፤ ስለዚህ ዳኛው ንግግርን አጉልቶ ተኩስን የሚያፍን ኤሌክትሮኒክ መሸፈኛ ያድርግ፣ ትእዛዞቹንም ሳያሳጥርና ሳያጣፍጥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይናገር። «አጉርስና ተዘጋጅ»፣ «ተዘጋጅተሃል?»፣ «ተጠንቀቅ» ከተባለ በኋላ የመነሻው ድምፅ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሰማል። ተኩሱ ሲያበቃ «ከጨረስክ ጥይቱን አውጣና ባዶ መሆኑን አሳይ» ይባላል፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ታይቶ ማኅደሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ዳኛው ቦታው ነፃ መሆኑን እስኪያውጅ ድረስ ማንም ከመስመሩ አያልፍም። በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው በሌላ መስመር ላይ እየተለማመደ ይህን ሥርዓት ማስጠበቅ አይቻልምና ክፍሉ በሙሉ ለውድድሩ ብቻ ሊዘጋ ይገባል።

ተኩስን በድምፅ የሚመዘግበው ታይመርም በማስተጋባት ይታለላል። በደንብ ካልተስተካከለ የመጨረሻውን ጥይት ማሚቶ እንደ ሌላ ጥይት ይቆጥርና የተወዳዳሪውን ሰዓት ያበላሻል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ስሜታዊነቱ በዚያው ክፍል፣ ከሁሉ ደካማ ድምፅ ባለውና ከሁሉ ኃይለኛ ድምፅ ባለው መሣሪያ መሞከር አለበት። በውድድሩም ጊዜ ዳኛው ሰዓቱን ከማንበቡ በፊት ሁለት ነገሮችን ይመልከት፦ ታይመሩ የቆጠረው የጥይት ብዛት ከሰማው ጋር መስማማቱን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜም የሰው ጣት ሊሠራው የሚችል መሆኑን። ጎበዝ ተኳሽ በቅርብ ዒላማ ላይ ሁለት ጥይት በ0.15 ሰከንድ ልዩነት ሊተኩስ ይችላል፤ 0.04 የሚል ቁጥር ከታየ ግን የተመዘገበው ግድግዳው እንጂ ሽጉጡ አይደለም። ታይመሩ የሚታመን ሰዓት ካልያዘ ተወዳዳሪው ስቴጁን እንደገና መተኮስ አለበት፤ በግምት ሰዓት መስጠት አይፈቀድም። ዳኛው ለሌላም ድምፅ ጆሮውን መስጠት ይኖርበታል፤ ባሩዱ በቂ ሳይሆን ቀርቶ የታፈነ ድምፅ ያሰማ ጥይት አረሩን በርሜል ውስጥ ሰንቅሮ ሊተው ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ከተከተለው በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላልና ዳኛው ሳያመነታ «ቁም» ማለት አለበት።

ስለ አየሩ ዝም ማለት አይቻልም። አረሩ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነው፤ በብዙ ጥይቶች ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ማስነሻም የእርሳስ ውሕድ አለበት። በእያንዳንዱ ተኩስ የሚወጣው ጢስ ያንን ብናኝ ተሸክሞ ይመጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለቤት ውስጥ የተኩስ ቦታዎች የሚመክረው በተኩስ መስመሩ ላይ አየር ከተኳሹ ጀርባ ወደ ማቆሚያው በደቂቃ 75 ጫማ፣ በሰከንድ 0.38 ሜትር ያህል እየተጓዘ እንዲወጣ ነው። በሥራ ቦታ አየር ውስጥ በዚያው አገር የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን በ8 ሰዓት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ማናፈሻው ግን የተሠራው ተኳሾች በአንድ መስመር ላይ ቆመው ለሚተኩሱበት አሠራር መሆኑን አዘጋጁ መርሳት የለበትም። ትልቅ ጠጣር መከለያ መስመሩ ላይ ሲቆም አየሩ ከጀርባው ይሽከረከርና ጢሱን ወደ ተወዳዳሪው ፊት ይመልሰዋል፤ መረብ ከጣውላ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዒላማ የሚለጥፉት ሰዎችም ጢሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚቆሙት፤ ስለዚህ ቦታው ነፃ ከተባለ በኋላ ጢሱ እስኪጠራ ጥቂት መታገሥ አይጎዳም። በክፍሉ ውስጥ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ከመብላት በፊት እጅና ፊት በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት በውድድሩ የተለበሰ ጫማና ልብስ ውጭ ይቀራል።

ውድድሩ የሚካሄደው ተወዳዳሪው ተራው ደርሶ ዳኛ ካላዘዘው በቀር መሣሪያ ሁሉ ባዶ ሆኖ በሚቆይበት ሥርዓት ነው። መሣሪያውን ሊፈትሽ ወይም ማኅደሩ ውስጥ ሊያስገባ የፈለገ ሰው የሚሄድበት የተለየ ጠረጴዛ አለ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥይት መንካት፣ ባዶ ካዝና ለመሙላት እንኳ ቢሆን፣ ከውድድር ያሰናብታል። ሜዳ ላይ ይህ ጠረጴዛ በአፈር ክምር ፊት ስለሚቀመጥ ጉዳዩ ቀላል ነው። በሕንፃ ውስጥ ግን ከጠረጴዛው ፊት ያለው ግድግዳ ከጀርባው ቢሮ ወይም መተላለፊያ ሊኖረው ይችላል። አረር የሚያቆም ግድግዳ ከሌለ በአሸዋ የተሞላ ጠንካራ ሣጥን ፊት ለፊት ይደረጋል፤ ያም ካልተቻለ ጠረጴዛው ራሱ ተኩስ ክፍሉ ውስጥ፣ በማቆሚያው አቅጣጫ ይቀመጥና ሰዎች በሁለት ተወዳዳሪዎች መካከል ባለው ጊዜ በዳኛ ፊት ይጠቀሙበታል። ይህ ሰዓት ይወስዳል፤ ከላይ በተጠቀሰው 3 ደቂቃ ላይ መደመርም አለበት።

የማሰናበት ውሳኔ በቤት ውስጥ ውድድር ከሜዳው ይልቅ ሰው ፊት የሚፈጸም ስለሆነ ዳኞች ያቅማማሉ። መሣሪያ ከወደቀ፣ አፈሙዝ ከተፈቀደው ልክ ካለፈ፣ ሳይታሰብ የወጣች ጥይት ከተኳሹ 3 ሜትር ሳትርቅ ወለሉን ከመታች፣ ወይም ካዝና ሲቀየር ከፈነዳች፣ የተወዳዳሪው ቀን አብቅቷል፤ ስንት ዓመት እንደተወዳደረም ሆነ ከማን ጋር እንደመጣ ለውጥ አያመጣም። የወደቀውን መሣሪያ የሚያነሣው ዳኛው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ዳኛው የሆነውን ነገር በአጭሩ ነግሮ፣ መሣሪያው ባዶ ሆኖ ወደ ሻንጣው መግባቱን አይቶ፣ ተወዳዳሪውን ወደ ውድድሩ ኃላፊ ይሸኘዋል። በሌላ ተወዳዳሪ ፊት መገሠጽም ሆነ ማጽናናት የዳኛው ሥራ አይደለም።

የጥይት ኃይል መለካት በትንሽ ውድድር ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ መለካት የፈለገ አዘጋጅ ግን የአረሩን ክብደት ግሬይን በሚባለው የክብደት መለኪያ፣ ፍጥነቱን በሰከንድ በጫማ ወስዶ ያባዛና ለ1000 ያካፍላል። 124 ግሬይን የሚመዝን አረር በ1050 ጫማ ፍጥነት 130.2 ይሰጣልና ለዝቅተኛው የኃይል ደረጃ የሚጠየቀውን 125 ያልፋል። በብርሃን የሚሠራ የፍጥነት መለኪያ በክፍሉ መብራት መርገብገብ ስለሚሳሳት በራዳር የሚሠራውን መጠቀም ይሻላል።

ወለሉ ላይ የሚወድቀው ቀለህ በቤት ውስጥ የራሱ አደጋ አለው። ሜዳ ላይ ቀለህ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ለስላሳ ኮንክሪት ላይ ግን ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ መሣሪያ ይዞ ወደ ጎን የሚሮጥ ሰው ሲያንሸራትተው አፈሙዙ የት እንደሚዞር አይታወቅም። ስለዚህ ተወዳዳሪው በሚራመድበት ስፍራ ያለው ቀለህ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ በሰፊ የጎማ መጥረጊያ ወደ ዳር ይገፋል። መጥረጊያው ቀለሁን ለመግፋት ብቻ ነው፤ ብናኙን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ እርሳሱን መልሶ አየር ውስጥ ይበትነዋል። በውድድሩ መጨረሻ ወለሉ በእርጥብ ዘዴ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራና ረቂቅ ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ይጸዳል፤ ተራ የቤት መምጠጫ ረቂቁን ብናኝ በጀርባው ይተፋዋል፣ ሳይቃጠል ወለሉ ላይ የቀረው ባሩድም በሞተሩ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። የተሰበሰበው ቀለህ ወደ ከረጢት ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ፈስሶ በእጅ ይለቀማል፤ መሣሪያ ሲያራግፉ የወደቁና ተመትተው ያልፈነዱ ሙሉ ጥይቶች ሁልጊዜ ከመካከሉ ይገኛሉና፣ እነርሱ ተለይተው በአንድ ዕቃ ተቀምጠው ለክፍሉ ኃላፊ ይሰጣሉ።